በከተማ መካከል የተሰወረ ጸጥታ

ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኀላፊዎች የተደረገ ንግግር



የአማርኛ ቋንቋ ጸጥታ የሚለውን ቃል በሁለት መንገድ ይሠራበታል። አንደኛው የድምፅ አለመኖር ነው፤ መምህር ወደ ክፍል ገብቶ «ጸጥታ!» ሲል የሚያዝዘው ይህን ነው። ሁለተኛው የሰላም መጠበቅ ነው፤ የአገር ጸጥታ ሲባል ሰው ሳይፈራና ሳይሰጋ ወጥቶ የሚገባበት ሁኔታ ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። ጆሮው በጩኸት የተወጠረ ሰው ልቡ አያርፍም፤ በፍርሃት የተያዘ ሰውም ምንም ድምፅ ባይሰማ ሐሳቡን ሊሰበስብ አይችልም። እንግዲህ ለተማሪ የሚያስፈልገው ጸጥታ ሁለቱንም በአንድነት የያዘ መሆን አለበት።

የዚህ ንግግር ዐላማ እንዲህ ያለው ጸጥታ በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ የት የት እንደሚገኝ ማመልከትና፣ ቦታውን ለተማሪ ማሳየት ከመምህር ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑን ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለአንዳንድ ሰው የሽርሽር ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን የአንዲት ተማሪን ኑሮ ቀርቦ ለተመለከተ ሰው የሽርሽር ነገር አለመሆኑ ወዲያው ይገለጥለታል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከወላጆቿና ከሦስት ታናናሾቿ ጋር በአንድ ክፍል ቤት ትኖራለች እንበል። በቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ይናገራል። ከአጥሩ ማዶ የብረት በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት አለ። ከደጅ ወያላው የሚኒባሱን መድረሻ እየጠራ ይጮኻል፤ በስተ ጀርባ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይፈጫል። ይህች ልጅ ደብተሯን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ታነብባለች፤ ሦስት ጊዜም ይጠፋባታል። ፈተናዋ ዝቅ ብሎ በተገኘ ጊዜ መምህሯ በውጤት መግለጫ ካርዷ ላይ «ትኩረት ያንሳታል» ብሎ ይጽፋል። ፍርዱ የተሰጠው በልጅቱ አእምሮ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የቦታው ነበር። መምህሩ ከትምህርት ቤቱ አምስት ደቂቃ ብቻ በእግር የሚያስኬድ፣ ጸጥ ያለ የንባብ ቦታ መኖሩን ቢያውቅና ቢያሳያት ኖሮ፣ በካርዱ ላይ የሚጽፈው ቃል ሌላ ሊሆን በቻለ ነበር።

ጩኸት በትምህርት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት የሚነገር ሳይሆን ተመርምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከፍ ብሎ በተሠራ የባቡር ሐዲድ አጠገብ የቆመ ነው። በሐዲዱ በኩል ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች፣ በሕንፃው በሌላው ወገን ጸጥ ባሉት ክፍሎች ከሚማሩት እኩዮቻቸው ጋር ሲወዳደሩ፣ በላይኛው ክፍል በንባብ ችሎታ አንድ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ።  በኋላ ከሐዲዱ ሥር ጎማ ተደርጎ፣ በክፍሎቹም ጣራ ላይ ድምፅ የሚውጥ ሰሌዳ ተለጥፎ ምርመራው በድጋሚ ሲደረግ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ውጤት በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት መጥፋቱን አሳየ።

በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ አዲሱ በሌላ ስፍራ ሲከፈት፣ ሊቃውንት በሁለቱም ስፍራ የሚኖሩትን ልጆች ተከታትለው መረመሩ። በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩት ልጆች የማንበብና የማስታወስ ችሎታቸው ሲዳከም፣ ከአሮጌው አጠገብ የነበሩት ደግሞ ጩኸቱ ከቆመላቸው በኋላ ተሻሻሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ በትምህርት ሰዓት በክፍል ውስጥ የሚሰማው የውጭ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ይህ መጠን ሰው በሹክሹክታ ከሚናገረው ድምፅ ብዙ የማይርቅ ነው። በአውራ ጎዳና ዳር የተሠራ ትምህርት ቤት መስኮቱን ከፍቶ ይህን መጠን ሊጠብቅ እንደማይችል ማንም መምህር ያውቃል።

ከእነዚህ ጥናቶች አስቀድሞ ግን ይህን እውነት የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በሥራ ሲገልጠው ኖሯል። በንባብ ቤት ሕፃናት ባንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነብባሉ፤ ጩኸቱ የትምህርቱ መሣሪያ ነውና አይከለከልም። ቅኔ ቤት ሲደረስ ግን ሥርዐቱ ይለወጣል። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ከወንዝ ዳር ወይም ከዱር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። የቈጠረውን ይዞ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረምለታልም። ድምፅ የሚያስፈልገው ትምህርትና ጸጥታ የሚያስፈልገው ትምህርት ተለይተው ይታወቁ ነበር ማለት ነው። የቅኔው መምህርም ተማሪው የሚሄድበትን ዛፍና ወንዝ ያውቀዋል፤ ስፍራው ከትምህርት ቤቱ እንደ አንድ ክፍል ይቈጠር ነበር።

የዛሬው የከተማ ተማሪ ይህ ክፍል ጐድሎበታል። አዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩበት በ1879 ዓ.ም. በተቈረቈረች ጊዜ፣ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከሰፈሩ ወጣ ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የነዋሪው ቍጥር ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚያም ወዲህ ከተማዪቱ እየሰፋች ሄዳለች። ስለዚህ ዛሬ ጸጥታ በራሱ አይገኝም፤ ይፈለጋል። ፍለጋውም ዘዴ አለው።

የመጀመሪያው ዘዴ የድምፅን ጠባይ ማወቅ ነው። ከመንገድ የሚነሣ የመኪና ድምፅ በገላጣ ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ርምጃ መራቅ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። መንገዱን ከዐይን የሚሰውር ግንብ ግን 5 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ጠበብ ያለ የዛፍ ረድፍ ለዐይን ደስ ቢያሰኝም ድምፅን እምብዛም አያስቀርም። ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከመንገድ ለመራቅ ብቻ ሳይሆን ከግንብ ወይም ከሕንፃ ጀርባ፣ አለዚያም ከመንገዱ ወለል ዝቅ ካለ ስፍራ ለመድረስ ይሞክር። አዲስ አበባ በቀበናና በሌሎችም ወንዞች የተሸነሸነች፣ ከፍና ዝቅ የበዛባት ከተማ ናትና እንዲህ ያለ ስፍራ ሞልቷል። ከአስፋልቱ ጥቂት ደረጃ የሚያስወርድ ግቢ፣ ወይም ከረጅም ሕንፃ ኋላ ያለ አደባባይ ከጩኸቱ አጠገብ ሆኖ ሳለ ጩኸቱ በላዩ ያልፋል።

ሁለተኛው ዘዴ ሰዓትን ማወቅ ነው። አንድ ስፍራ ጧት ገበያ ይሆንና ከቀኑ በ8 ሰዓት ጸጥ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው። የጸጥታን ስፍራ የሚያውቅ ሰው ከቦታው ስም ጋር ሰዓቱንም አብሮ ያውቃል። ሰዓቱ ያልተነገረው ተማሪ ቦታውን ሁለት ጊዜ በከንቱ ጐብኝቶ ይተወዋል።

ሦስተኛው ዘዴ ጠባቂውን ማወቅ ነው። በከተማ ውስጥ ጸጥታ ተጠብቆ የኖረበት ስፍራ ሁሉ የሚጠብቀው ሰውና የሚጠበቅበት ሕግ አለው። ያ ሰው የቤተ ክርስቲያን አቃቢት፣ የመስጊድ አገልጋይ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወይም የበር ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ከእነርሱ ጋር ሰላምታ የተለዋወጠና ሕጋቸውን የጠየቀ መምህር ለተማሪዎቹ በር ከፈተላቸው ማለት ነው።

እነዚህን ሦስት ዘዴዎች የያዘ ሰው በከተማዪቱ ውስጥ የሚያገኛቸው ስፍራዎች በአራት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ወገን የአምልኮ ስፍራ ቅጥር ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጽድን፣ ወይራን፣ ዝግባንና ኮሶን ጠብቆ ያቈየ የአገር በቀል ዛፍ ማደሪያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በመርካቶ፣ ጩኸት በበዛበት ገበያ መካከል፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ተቀራርበው ይገኛሉ። ከሸቀጥ ተሸካሚው ግፊያና ከመኪናው ጥሩምባ የወጣ ሰው ወደ ቅጥሩ ሲገባ ሌላ ዓለም ውስጥ የገባ ያህል ይሰማዋል። የነጋዴ ልጅ የሆነ ተማሪ ከሱቅ ሥራው ተርፎ ለማንበብ የሚችልበት ስፍራ ከወላጆቹ ሱቅ ብዙ ሳይርቅ፣ እንደየእምነቱ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በአራት ኪሎ አቅራቢያም የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ የተቀበሩበት የበአታ ለማርያም ገዳም ይገኛሉ። በሥላሴ ቅጥር የአርበኞች መቃብር አለ፤ ለኢትዮጵያ ነጻነት የተከራከረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በ1953 ዓ.ም. የተቀበረችው በዚያ ነው። በዚያ የሚቀመጥ ተማሪ ከደብተሩ ዐይኑን ቀና ባደረገ ቍጥር የታሪክ ትምህርት ያገኛል።

ሆኖም የአምልኮ ስፍራ በመጀመሪያ የጸሎት ስፍራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በአዘቦት ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ጸጥ ይላል፤ በዐቢይ ጾም ግን የሳምንቱ ቀን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ሰዓቱ ይለወጣል። በመስጊድም ከዙሁር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ መካከል ጸጥታ ይገኛል፤ የዐርብ ቀን የጁምዓ ሶላት ሰዓት ግን ስፍራው በምእመናን ይሞላል። መምህር ይህን ለይቶ ሲነግር ተማሪው ንባብን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው ሥርዐት ማክበርንም ይማራል።

ሁለተኛው ወገን የመጻሕፍትና የቅርስ ቤቶች ናቸው። ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ትውልድ አስተናግዷል። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ በተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር አለ። በሕንፃው ፊት ለፊት በፋሽስት ወረራ ዘመን የተሠራው ደረጃ ቆሟል፤ ደረጃዎቹ የፋሽስት አገዛዝን ዓመታት እንዲቈጥሩ ተብለው የታነጹ ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ግን በጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት። በዚህ ስፍራ ቆሞ ያየ ተማሪ ድል ማለት ምን እንደ ሆነ ያለ ብዙ ቃል ይገባዋል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይም ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የድንቅነሽን ነገር ለማየት ብዙ ሰው ይገባል፤ አይቶ ሲወጣ ግን በሙዚየሙ አትክልት ስፍራ ጥላ ሥር ጥቂት ደቂቃ የሚቀመጥ ጥቂት ነው። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለወጣቶች ሰፊ የንባብ ስፍራ ጨምሯል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ከከተማው ዳርቻ የሚመጣ ልጅ የመሳፈሪያ ገንዘብና የመንገድ ሰዓት ይፈጅበታልና፣ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ለሁሉ አይዳረስም።

ሦስተኛው ወገን ኮረብታው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በአጠገቡም ያለው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው የንጉሡ ቤት፣ ከተማዪቱን ቍልቍል እያዩ በባሕር ዛፍ መካከል ቆመዋል። በየካ በኩል ደግሞ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ። ወደ ላሊበላ ለመሄድ የሚመኝ፣ በአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ብዙ ሰው ይህን ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን አያውቀውም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በሰሜን ምዕራብ በኩል የጉለሌ የዕፀዋት ማዕከል 705 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የአገር በቀል ዕፀዋትን ይንከባከባል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለብዙ ሕዝብ መዝናኛ ሆኗል። እነዚህ ስፍራዎች ለየቀኑ ንባብ ሩቅ ናቸው፤ ለሥነ ሕይወት፣ ለጂኦግራፊና ለታሪክ ትምህርት፣ ለሥዕልና ለድርሰት ልምምድ ግን በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ክፍሉን ይዞ መውጣት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ልጆቹ ለዐሥር ደቂቃ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተቀምጠው የሰሙትን ድምፅ ሁሉ ይጻፉ ቢባሉ፣ ከዚያ የሚወጣው ድርሰት በክፍል ውስጥ ከሚጻፈው የተለየ ይሆናል።

አራተኛው ወገን ከሁሉ የቀረበውና ከሁሉ የተረሳው ነው፤ እርሱም የትምህርት ቤቱ የራሱ ግቢ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ የመጨረሻው ደወል ተደውሎ ተማሪው ሲበተን፣ በከተማዪቱ ውስጥ ካሉት ጸጥ ያሉ ስፍራዎች አንዱ በዚያው ቅጽበት ይፈጠራል፤ በዚያው ቅጽበትም በሩ ይቈለፋል። ክፍሎቹ፣ ወንበሮቹ፣ ጥቍር ሰሌዳውና የዛፉ ጥላ እስከ ማግስቱ ጧት ያለ ሥራ ያድራሉ። ከላይ የተነገረላት ልጅ ግን በዚያ ሰዓት ወደ አንድ ክፍል ቤቷ ትመለሳለች። ሁለት ክፍል ብቻ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ተከፍቶ ቢቈይ፣ አንድ መምህርና አንድ ዘበኛ በተራ ቢጠብቁ፣ አዲስ ሕንፃ ሳያስፈልግ የብዙ ልጆች ችግር ይቃለላል። በእርግጥ የመምህሩ ድካምና የዘበኛው ትርፍ ሰዓት ሊታሰብላቸው ይገባል፤ በነጻ ይሠራ ማለት ሥራውን ከጅምሩ መግደል ነው። ይህን የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ሹማምንት ግን ሒሳቡን ሲያሰሉ፣ የተቈለፈው ክፍል ስንት ተማሪ እንዳሳጣቸው በሌላው ሚዛን ላይ ያኑሩት።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ሁለት ተቃውሞ ሊያስነሣ ይችላል፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ ደኅንነት ነው። ወላጅ ሴት ልጁን ወደማይታወቅ ስፍራ መላክ ያሰጋዋል፤ ስጋቱም እውነተኛ ነው። የአማርኛ ቋንቋ ለዚህም ሁለት ቃል ለይቶ አስቀምጧል፤ ጸጥ ያለ ቦታና ጭር ያለ ቦታ አንድ አይደሉም። ጸጥ ባለ ቦታ ሰው አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይኖራል እንጂ አልጠፋም። ጭር ባለ ቦታ ግን ሰው የለም፤ ቢጮኹም የሚደርስ አይገኝም። የወንዝ ዳር ጥሻ፣ ያልተጨረሰ ሕንፃ፣ ከመንገድ የራቀ ጫካ ምንም ድምፅ ባይሰማባቸው ጭር ያሉ ናቸውና ለተማሪ አይመከሩም። ስለዚህ መምህር ለተማሪ የሚያመለክተው ስፍራ የታወቀ ጠባቂ ያለው፣ አስቀድሞ ራሱ ሄዶ ያየው፣ ወላጅም ያወቀው መሆን አለበት። ተማሪዎቹም ሁለትና ሦስት ሆነው ይሂዱ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ይመለሱ። በዚህ ንግግር መጀመሪያ የተጠቀሰው የጸጥታ ሁለተኛ ትርጉም እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «የተሰወረ ስፍራ ከተነገረ ስውርነቱ ይቀራል፤ ሕዝብ ከጐረፈበት ጸጥታው ይጠፋል» የሚል ነው። ይህም በከፊል እውነት ነው። በቅጥሩ ውስጥ ኳስ የሚጫወት፣ በስልኩ ዘፈን ከፍቶ የሚቀመጥ፣ የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ ጥሎ የሚሄድ ሰው ሲበዛ ጠባቂው በሩን ይዘጋል፤ ቢዘጋም አይፈረድበትም። መድኀኒቱ መንገዱን ከማሳየት በፊት ሕጉን ማስተማር ነው። ይሁን እንጂ ከመገለጡ ይልቅ አለመታወቁ የባሰ አደጋ እንደሚያመጣ የጐረቤት አገር ታሪክ ያስረዳል።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ካሩራ የሚባል ሰፊ ደን አለ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከደኑ መሬት ብዙው ለግለሰቦችና ለቤት ሠሪ ኩባንያዎች ተቈርሶ ነበር። ዋንጋሪ ማታይና ባልንጀሮቿ ዛፍ እንተክላለን ብለው ወደ ደኑ በሄዱ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1999 ተደበደቡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሕዝቡ በነገሩ ተቈጡ፤ ጕዳዩም በዓለም ተሰማ፤ ደኑም ከመጥፋት ተረፈ። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። ዛሬ ካሩራ የናይሮቢ ነዋሪ በእግሩ እየተመላለሰ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ደኑ የተረፈው የሚያውቀውና የእኔ ነው የሚለው ሰው ስለ ነበረው ነው። ማንም ያላወቀው ስፍራ በጠፋ ቀን ማንም «ጠፋ» ብሎ አይናገርለትም።

አዲስ አበባም በታላቅ ለውጥ ውስጥ የምታልፍ ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሯል። መንገዶች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መንገድና የሕዝብ መቀመጫም ተሠርቷል። ስለ ለውጡ ጥቅምና ጕዳት የሚደረገው ክርክር የዚህ ንግግር ጕዳይ አይደለም። ለመምህር ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሰፈሩ የተዛወረ ልጅ የለመደውን ቤት ብቻ ሳይሆን የሚያነብበትን የአጥር ጥግ፣ ደጅ ላይ የሚያስቀምጡትን ጐረቤት፣ የሚያውቀውን የቤተ ክርስቲያን ጥላ አብሮ ትቶ መጥቷል። በአዲሱ ሰፈር ረጃጅም ሕንፃዎች አሉ፤ ጸጥ ያለ ስፍራ የት እንዳለ ግን ገና ማንም አልነገረውም። ይህን ሊነግረው የሚችል፣ በሙያውም የሚገባው ሰው መምህሩ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባሎችና ለትምህርት ቤቶች የሚቀርበው ሐሳብ በሁሉ ዐቅም ሊፈጸም የሚችል ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ደብተር ይክፈት። በአካባቢው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ያሉት ጸጥ ያሉ ስፍራዎች በደብተሩ ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ስፍራ አምስት ነገር ይመዝገብ፤ የስፍራው ስምና መንገዱ፣ ጸጥታ የሚገኝበት ሰዓት፣ የጠባቂው ኀላፊነትና ፈቃዱ፣ የስፍራው ሕግ፣ ለየትኛው ዕድሜና ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚስማማ። ደብተሩን መምህራኑና የላይኛው ክፍል ተማሪዎች አብረው ያዘጋጁት። ቅጥር ለቅጥር እየዞሩ መጠየቅ፣ ሰዓት ይዞ መመርመር፣ ያዩትን በጥሩ አማርኛ መጻፍ ራሱ የጂኦግራፊና የቋንቋ ትምህርት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ደብተሩ ይታረም፤ የጠፋው ስፍራ ከነጠፋበት ዓመት ይጻፍ፤ አዲስ የተገኘውም ይጨመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እነዚህ ደብተሮች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከተማዪቱ ለልጆቿ ያላትን ጸጥታ የሚያሳይ መዝገብ ይሆናሉ። መሬት ሲታደልና ሕንፃ ሲታቀድ ለባለሥልጣን የሚቀርብ ማስረጃም በእጅ ይኖራል።

ሥራው ለአንድ ትምህርት ቤት ብዙ መስሎ ቢታይ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ መሆኑን ማሰብ ይበቃል። አንድ መምህር አንድ ስፍራ ብቻ ቢያውቅና አንድ ክፍል ወደዚያ ይዞ ቢሄድ ድርሻውን ተወጥቷል።

በሚመጣው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ሳምንት መምህራን እንደ ልማዳቸው የተማሪዎቻቸውን ስም ይመዘግባሉ፤ መጻሕፍትም ያድላሉ። በዚያው ቀን አንድ ጥያቄ ጨምረው ለእያንዳንዱ ልጅ ያቅርቡ፤ «የቤት ሥራህን የምትሠራው የት ነው?» ይበሉ። ብዙዎቹ ልጆች መልስ ለመስጠት ያመነታሉ። ደብተሩ የሚጀመረውም ከእነዚህ ልጆች ስም ነው።